ይናገራል እንጂ አይሰማም



ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይሁን። ውድ የጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች፣ ባለፈው ዓመት በዚሁ መጽሔት ላይ አንዲት አጭር ማስታወቂያ አውጥተን ነበር። አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ላለ አንድ ቁርአን ቤት ታብሌት መግዣ አዋጡልን ብለን ለመንናችሁ፤ እናንተም ከፎቶ ኮፒና ከሻይ የተረፈቻችሁን ሰጣችሁን። አላህ ይቀበላችሁ። የገንዘቡን ሒሳብ በስብሰባ ላይ አቅርበናል። ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። በደረሰኝ የማይያዝ ዕዳ ቀርቶብናል፤ እሱን በዚህ ጽሑፍ ልንከፍል ነው።

እኛ ሦስት ነን፤ ሁለት ወንድሞችና አንዲት እህት። ሦስታችንም የተወለድነው አርዲቦ ዙሪያ ነው። በዓመቱ ውስጥ በየትምህርት ቤታችን እናስተምራለን፤ ክረምት ሲመጣ እዚህ ግቢ ገብተን በትምህርት ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ዲግሪያችንን እንማራለን። አገራችንን ለማታውቁት፦ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሐይቅ ከተማ ይገኛል። መንገደኛ ሁሉ የሚያውቀው ከከተማው አጠገብ ያለውን የሐይቅን ውሃ ነው። አርዲቦ ከዚያ ከፍ ብሎ በተራሮች መሃል ያለ ነው፤ ከእሱ የሚወጣው ውሃ ቁልቁል ወርዶ ሐይቅ ይገባል።

አገሩ የትምህርት አገር ነው። ታች በሐይቅ እስጢፋኖስ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። በእኛም በኩል ጃማ ንጉስ፣ ዳናና ጌታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደረሳ ከየአቅጣጫው የሚጎርፍባቸው የዒልም ቦታዎች ነበሩ። የታሪክ ምሁሩ ሑሴን አሕመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ እነዚህን ቦታዎች ለዓለም አስተዋውቀዋል። እኛ የቀራንበት ቁርአን ቤት ግን በየትኛውም መጽሐፍ ውስጥ የለም። አንድ የጭቃ ቤት፣ አንድ የግራር ጥላ፣ አንድ ሼህ፣ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች፤ ይኸው ነው።

እዚያ የተማርነው በሉህ ነው። ከሱብሒ በኋላ ከጥላሸትና ከሙጫ በተበጠበጠ ቀለም፣ በመቃ ብዕር፣ የዕለቱን ድርሻ በእንጨቱ ላይ እንጽፋለን። ከዚያ እየተወዛወዝን፣ እየጮህን እናነባለን። ፀሐይ ሞቅ ሲል አንድ በአንድ ሼሁ ፊት ተቀምጠን ሉሁን በደረታችን አዙረን እናሰማለን። ያለፈ ልጅ ሉሁን ያጥባል፤ ነገ አዲስ ድርሻ ይጽፋል። የወደቀ ልጅ ትናንት የጻፈውን ይዞ ይመለሳል። ያልታጠበ ሉህ ይዞ ቤት መግባት ምን ያህል እንደሚከብድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ከቁርአን ቤቱ ቀጥሎ ያገኘን ሌላ መሣሪያ ፕላዝማ ነው። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት በሚተላለፍ ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር እኛ 9ኛ ክፍል ገባን። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ ይመጣል። መምህራችን ለጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፤ ከዚያ ስክሪኑ ግማሽ ሰዓት ያህል ይናገራል፤ በመጨረሻም መምህራችን በቀረችው ደቂቃ ያጠቃልላል። የስክሪኑ አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፤ ማናችንም አፋችንን ሳንከፍት «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። ያን ጊዜ ያስቀን ነበር። «በጣም ጥሩ» የሰፈር ቀልድ ሆኖ ነበር፤ ጓደኛችን ኳስ ስቶ ሲመታ እንኳን «በጣም ጥሩ!» እንለው ነበር። ቀልዱ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ በራሳችን ላይ ይመለሳል ብለን አላሰብንም።

የመጀመሪያው ክረምት የመማር ሥነ ልቦና ኮርስ ወሰድን። መምህራችን የሰጡን ሥራ አጭር ነበር፦ በደንብ የምታውቁትን አንድ የመማሪያ ቦታ ምረጡ፣ ችግሩን አሳዩ፣ ቴክኖሎጂ እንዴት እንደሚያግዘው ንድፍ አቅርቡ። እኛ ያለ ብዙ ክርክር ቁርአን ቤታችንን መረጥን። በዚያው ሰሞን እ.ኤ.አ. በ2012 ወንጪና ወለንጪቲ ላይ ስለተደረገው ሙከራ አንብበን ነበር። ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች ያለ አስተማሪ፣ በታሸገ ካርቶን ታብሌት ተሰጣቸው። የፕሮጀክቱ መሪ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ማብሪያውን አግኝቶ ከፈተው። ይህን ስናነብ ልባችን ሞቀ። የወለንጪቲ ልጅ ከቻለ የአርዲቦ ልጅ ምን ያንሰዋል አልን። ማስታወቂያውን ያወጣነው በዚያው ሳምንት ነው።

ባዋጣችሁት ገንዘብ አምስት ታብሌቶችና አንድ የሶላር ቻርጀር ገዛን። የታወቁ ቃሪኦችን ድምፅና የአረብኛ ፊደል ማስተማሪያ ጨዋታ ጫንንባቸው። ሼሃችን እንግዳ እንደሚቀበሉ ተቀበሉን፤ ቡና ተፈላ፣ ዱዓ ተደረገ። «አላህ ዒልማችሁን ይጨምርላችሁ» አሉን። ፎቶ ተነሣን። ፎቶው በዚህ መጽሔት ላይ መውጣቱን ታስታውሳላችሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ለዒድ ስንሄድ ቤቱ ፀጥ ብሎ ጠበቀን። ሩቅ ሆኖ ይሰማ የነበረው የልጆች ጩኸት የለም። ልጆቹ አምስት አምስት ሆነው በየታብሌቱ ዙሪያ ተጎንብሰዋል፤ ሉሆቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ደስ አለን፤ ሥርዓት ይዘዋል ብለን አሰብን። ከመካከላችን አንዱ አንድ ልጅ ጠርቶ «እስቲ አሰማን» አለው። ልጁ ታብሌቱን ከፍቶ ከቃሪኡ ጋር አብሮ ቀራ፤ ሲያምር! ታብሌቱን ዘጋነውና «አሁን ብቻህን» አልነው። ሁለት አንቀጽ ሄዶ ቆመ። ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ፣ ከዚያ እጁን ወደ ታብሌቱ ዘረጋ። ሌላ ጠራን፤ እሱም እንዲሁ። ሌላም ነገር ሰማን፦ ልጆቹ «ሐ»ን «ሀ»፣ ዐይንን አሊፍ አድርገው ይቀራሉ። በአማርኛችን እነዚህ ፊደሎች በድምፅ አይለያዩምና ልጁ ስሕተቱን በራሱ ጆሮ አይሰማውም። ከቃሪኡ ጋር አብሮ ሲል ልክ ያለ ይመስለዋል።

ትልቁ ደረሳስ? ታናናሾቹን ያቀራ የነበረው፣ ሼሁ ሲደክማቸው የሚተካው ልጅ? ዓሣ ሊያጠምድ ወርዷል አሉን። ታብሌቱ ከመጣ ወዲህ ታናናሾቹ እሱን መጠየቅ ትተዋል፤ እሱም ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አፈረ።

ሼሃችን ሁለት ወር ሙሉ ይህን እያዩ ዝም ብለው ነበር። ስልካችን ነበራቸው፤ አልደወሉም። ልጆቻቸው ከሩቅ አገር ተምረው ያመጡላቸውን ስጦታ መንቀፍ አልፈለጉም። ያን ቀንም እኛው ደጋግመን ስንጠይቃቸው ነው የተናገሩት፤ ያውም ዕቃውን ላለማስከፋት እንደሚጠነቀቅ ሰው ቀስ ብለው።

«ልጆቼ፣ ዕቃው ደግ ነው። ድምፁም ያምራል። ግን ይናገራል እንጂ አይሰማም።»

ሌላ አላሉም። ወደ ደሴ ስንመለስ በመኪና ውስጥ ማናችንም አልተነጋገርንም። «በጣም ጥሩ!» የሚለው የፕላዝማ ድምፅ በጆሯችን ላይ ነበር።

ወደ ግቢ ተመልሰን ያነበብናቸውን ጽሑፎች እንደገና ስናወጣ፣ ለፈተና ብለን ያለፍናቸው ስሞች መናገር ጀመሩ። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት አለ። ተማሪዎች አጭር ምንባብ አነበቡ። ከፊሎቹ ደግመው እንዲያነቡት ተደረገ፤ ከፊሎቹ ምንባቡ ተወስዶባቸው የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ ታዘዙ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከ2 ቀንና ከ1 ሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከራሳቸው ለማውጣት የታገሉት የበለጠ አስታወሱ። ሉሁን በደረት አዙሮ ማሰማት ማለት ይህ ነው። እኛ የገዛነው መሣሪያ ልጁን ከዚያ ትግል ገላገለው፤ በመገላገሉም ሒፍዙን ወሰደበት።

የስኪነር ታሪክ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረን። ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1953 የልጁን የሒሳብ ክፍል ሊጎበኝ ሄደ። ተማሪዎቹ የሠሩት ልክ ይሁን ስሕተት ወዲያው የሚነግራቸው እንደሌለ አይቶ የማስተማሪያ ማሽን ወደ መሥራት ገባ። የእሱ ማሽን የተሠራው የልጁን መልስ ተቀብሎ ወዲያው እንዲያርም ነበር። እኛ ከሰባ ዓመት በኋላ የወሰድነው መሣሪያ ግን ከልጁ ምንም አይቀበልም። ዕውቀት በሰዎች መካከል እንደሚያድግ ያስተማረውን ቪጎትስኪን በወረቀታችን ላይ ሦስት ጊዜ ጠቅሰነዋል። አንድ ልጅ ብቻውን የማይችለውን ከእሱ ጥቂት ቀደም ባለ ሰው እገዛ ይችላል ብለን ጻፍን፤ በተግባር ግን ያንን «ጥቂት ቀደም ያለ» ደረሳ ወደ ሐይቁ ሰደድነው። ሪቻርድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1983 የትምህርት መሣሪያን ዕቃ ከሚያደርስ መኪና ጋር ያመሳሰለበትን ጽሑፍም በክፍል ውስጥ ተከራክረንበት ነበር፤ ምግብ የሚያደርሰው መኪና የሰውን አመጋገብ እንደማይለውጠው ሁሉ መሣሪያውም በራሱ መማርን አይለውጥም ይላል። ሮበርት ኮዝማ ደግሞ መሣሪያውና ዘዴው እንዲህ በቀላሉ አይለያዩም ብሎ መልሶለታል። በክፍል ውስጥ ሁለታችን ከኮዝማ ጎን፣ አንዳችን ከክላርክ ጎን ቆመን ስንሟገት ነበር። አርዲቦ ላይ ሁለቱም በየድርሻቸው ልክ ሆነው አገኘናቸው፦ ታብሌቱ በራሱ ያስተማረው ነገር የለም፤ ነባሩን ዘዴ ግን አፍርሷል።

ለመድገምም ቢሆን ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ኤቢንግሃውስ ሰው የተማረውን እንዴት እንደሚረሳ የለካበትን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። ከ800 ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ አዝ-ዘርኑጂ «ተዕሊሙል ሙተዐሊም» በተባለው ኪታባቸው ተማሪውን ይመክሩታል፦ የትናንቱን ትምህርት አምስት ጊዜ፣ የከትናንት ወዲያውን አራት ጊዜ፣ ከዚያ በፊት ያለውን ሦስት፣ ከዚያም ሁለት፣ ከዚያም አንድ ጊዜ ደግመው። ሼሃችን የሚያስደግሙን በዚህ ዓይነት መንገድ ነበር።

እዚህ ላይ ጽሑፋችን ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር። «ፈረንጅ አሁን ያወቀውን እኛ ድሮ እናውቀው ነበር» ብለን በኩራት እንዘጋው ነበር። ረቂቁንም በዚሁ ጨርሰን ነበር። ያላሳለፈችን እህታችን ናት።

«የእኔን አልጻፋችሁም» አለች። እሷ ከቁርአን ቤት የወጣችው 4ኛ ክፍል ሳለች ነው። ታናሽ ወንድሟ ሲወለድ ጠዋት ጠዋት ውሃ መቅዳቱ የእሷ ሆነ። ከዚያ በኋላ የቀራችው ምጣድ ዳር ቆማ፣ ታላቅ ወንድሟ ሲያጠና እየሰማች ነው። በዚያ ዓይነት አራት ጁዝእ ያህል ይዛለች፤ ማንም ግን አሰሚ ብሏት አያውቅም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ በእህቶች ሐለቃ መጀመሪያ ጊዜ ስታሰማ አሥር ዓመት የቆየ ስሕተት ተገኘባት። «እናንተ ሼሁ ይሰማሉ ትላላችሁ» አለች፤ «የሚሰሙት የመጣውን ነው። እኔ የማዳምጠው ነበረኝ፤ የሚያዳምጠኝ አልነበረኝም።»

ዝም አልን። ሌላም ያልጻፍነው ነበር። ከሼሃችን በፊት በነበሩት አስተማሪ ዘመን አለንጋው ከሉሁ እኩል ይሠራ ነበር፤ ከመካከላችን አንዱ ስድስት ወር ከቁርአን ቤት የቀረው በዚያ ምክንያት ነው። ይህንንም «ዘመናዊ ሥነ ልቦና» ነው ውግዝ ያለው እንዳይባል፣ ኢብን ኸልዱን እ.ኤ.አ. በ1377 በጻፉት ሙቀዲማ ላይ በተማሪ ላይ ጭካኔ ማብዛት ልጁን ወደ ውሸትና ወደ ማስመሰል እንደሚገፋው፣ ወኔውንም እንደሚሰብረው አስጠንቅቀዋል። ከዚህም ሌላ ጁዝእ ዐማን በቃላችን ጨርሰን የአንዲቷን ሱራ ትርጉም ሳናውቅ ያደግን ነን። ነባሩ ዘዴ መልካም ነው ስንል እነዚህንም ይዘን ነው መናገር ያለብን።

በሚቀጥለው ጉዟችን ሼሃችንን አስቀድመን ጠየቅናቸው፤ መጀመሪያውኑ ማድረግ የነበረብን ይህን ነበር። «ምን ይጎድልዎታል?» አልናቸው። ታብሌት አላሉም። ቁጥር አላሉም። «ጠዋት የማይመጡት ሴቶች ልጆች» አሉ ወዲያው። «ከብት የሚያወጡትም።» ለካ ስማቸውን በቃላቸው ይዘዋል።

አብረን አስበን እንዲህ ተስማማን። ጠዋት ቁርአን ቤት ውስጥ ታብሌት አይከፈትም፤ ሉሁ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ትልቁ ደረሳም ታናናሾቹን ወደ ማቅራቱ ይመለሳል። ታብሌቶቹ የሚሠሩት ከቤቱ ውጭ ነው። ጠዋት መምጣት ያልቻሉ ልጆች በሠፈር በሠፈር ተቧድነው አንዱን ይይዛሉ። ከቃሪኡ ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ዘግተው በቃላቸው ይቀራሉ፤ ድምፃቸውን ይቀዳሉ። ትልቁ ደረሳ ማታ ማታ ታብሌቶቹን ይሰበስባል። ሼሁ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለው ጊዜ አንድ በአንድ ይሰማሉ፤ እርማታቸውንም በዚያው በታብሌቱ በራሳቸው ድምፅ ቀድተው ይመልሳሉ።

ተአምር አልሆነም። አንዱ ታብሌት ውሃ ገብቶበት ተበላሽቷል፤ ሌላው ደመና ባለ ሰሞን ቻርጅ አያገኝም። ሁለት አባቶች የሴት ልጅ ድምፅ ተቀድቶ ከቤት አይወጣም ብለው ነበር፤ ሼሃችን ራሳቸው ሄደው አነጋገሯቸው፤ አንዱ ተቀበሉ፣ አንዱ እስካሁን እንቢ እንዳሉ ናቸው። ሆኖም ባለፈው ጊዜ ስንሄድ አንዲት አሥራ አንድ ዓመት የሚሆናት ልጅ ጄሪካን ተሸክማ ከውሃ ስትመለስ አገኘችንና፣ ሰላምታ እንኳን ሳትጨርስ «ሼሃችን ትናንት "ሐ"ዬን አረሙልኝ» አለችን። ጄሪካኑን ሳታወርድ «ሐ» እና «ሀ»ን ለይታ አሰማችን። እህታችን ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች። እኛም ለምን እንዳዞረች አልጠየቅናትም።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የቀረብን ዕዳ ይህ ነው። ገንዘባችሁ አልጠፋም፤ ሁለት ወር ያህል ግን ጎድቷል። ጉዳቱን ያደረስነውም እኛ እንጂ ዕቃው አይደለም። ሁለት ነገር እንለምናችሁ።

አንደኛው ለራሳችሁ ነው። ፈተና ሲደርስ መስጊድ ጓሮ ሃንድአውት ዘርግታችሁ አራቴ አምስቴ ስታነቡ እናያችኋለን፤ እኛም እንዲሁ ነን። ንባቡ በቀለለ ቁጥር የገባን ይመስለናል። ወረቀቱን ዘግታችሁ ለጓደኛችሁ አሰሙት፤ የምትቆሙበት ቦታ ያልያዛችሁት ነው። በማግስቱ ድገሙት፤ በሳምንቱም ድገሙት። ጓደኛችሁም ስልኩን አስቀምጦ ይስማችሁ።

ሁለተኛው ለጀመዓችን ነው። በሚቀጥለው ክረምት ለየአገራችን ቁርአን ቤት ምን እናድርግ የሚለው በስብሰባ ይነሣል። ከመግዛታችን በፊት «እዚያ የማይሰማው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ለአርዲቦ አሁን የምንፈልገው ገንዘብ አይደለም፤ ተጅዊዱ የጸና፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ሰጥቶ የልጆችን ድምፅ የሚያዳምጥ ወንድምና እህት ነው። ሼሃችን አርጅተዋል፤ ማታ ማታ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። እህታችን ሐሙስ ከዐስር በኋላ በእህቶች መስገጃ በኩል ትመዘግባለች፤ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢም ራሷ ናት።

አላህ የሚጠቅመንን ያሳውቀን፤ ባሳወቀንም ይጥቀመን። ወሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።